በእገሌ በኩል ይድረስ
(ስለ ኢንተርኔት አድራሻ ለዋጭ ጉድለትና ስለ አሠራሩ ችግር በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምናነሣው ነገር በስሙ ሲሰሙት የባለሙያ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ስልክ በኪሱ የያዘውን ሰው ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፥ በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ውስጥ ብቻ ተነግሮ እንዲቀር አልወደድንም። በእንግሊዝኛ ኔትወርክ አድሬስ ትራንስሌሽን ይባላል። ባለሙያዎች አሳጥረው «ናት» ይሉታል። እኛ ግን በአማርኛ «ናት» ብለን ብንጀምር «ማን ናት?» የሚል ጠያቂ መነሣቱ ስለማይቀር፥ አድራሻ ለዋጭ ብለነዋል። ኋላ እንደምታዩት «ማን ናት? ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከጉዳዩ የራቀ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከምናውቀው እንነሣ። ከወግዲ ገጠር ወጥቶ በሩቅ አገር የሚማር ልጅ ለአባቱ ደብዳቤ በሚጽፍበት ጊዜ፥ አባትየው የፖስታ ሣጥን የላቸውም። ስለዚህ ልጁ በመካነ ሰላም ሣጥን ያለውን ነጋዴ ወይም መምህር ያስባል፤ በፖስታው ላይ የዚያን ሰው ሣጥን ቁጥር ይጽፍና ከሥሩ «በእገሌ በኩል ለአባቴ ለአቶ እገሌ ይድረስ» ይላል። ባለ ሣጥኑ ደብዳቤውን ያወጣል፤ የገበያ ቀን ሲደርስ ከዚያው ቀበሌ ለመጣ ሰው ይሰጣል። አባትየውም መልስ ሲልኩ በዚያው በባለ ሣጥኑ ስም ይልካሉ። በአንድ ሣጥን ሃያና ሠላሳ ቤተ ሰብ ይጠቀምበታል። መልካም ዘዴ ነው፤ የደግ ሰው ሥራም ነው። ነገር ግን ዘዴው የቆመው በባለ ሣጥኑ አእምሮ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። «ይህ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እርሱ ዘንድ ብቻ ነው። እርሱ ቢታመም፥ ቢረሳ፥ ወይም «በእገሌ በኩል» የሚለውን የማያውቅ እንግዳ ሰው በሣጥኑ ቁጥር ብቻ ቢጽፍ፥ ደብዳቤው ባለቤት አያገኝም።

አድራሻ ለዋጩ ይህ ባለ ሣጥን ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። በመስከረም 1981 የጸደቀው አራተኛው ሥርዓት፥ ማለት አይፒ ቪ 4፥ አድራሻውን በ32 ቢት ስለ ወሰነው ጠቅላላው ቁጥር 4,294,967,296 ነው። በዚያን ጊዜ እንኳ ለዓለም ሕዝብ በነፍስ ወከፍ አንድ አይዳረስም ነበር። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ግን የሚያስቡት ስለ ጥቂት ትላልቅ ኮምፒዩተሮች እንጂ፥ በዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ያለ እረኛ ስልክ ይዞ ይሄዳል ብለው አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሩን በልግስና አደሉት። የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ተቋም ብቻውን ወደ 16.8 ሚሊዮን የሚጠጋ አድራሻ ደረሰው፤ በ2017 ከዚያ ላይ ግማሽ ያህሉን ለአማዞን ኩባንያ ሸጠ። የዓለም አቀፉ ጎተራ የመጨረሻው ክፍል ለክፍለ ዓለማት የታደለው በየካቲት 3 ቀን 2011 ነበር። የእኛ ክፍለ ዓለም መዝገብ ቤት፥ በሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ፥ ከጥር 2020 ጀምሮ ለአንድ አመልካች በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ የማይሰጥበት ደረጃ ላይ ደረሰ። እንግዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ከ70 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ እንዳለው፥ ሳፋሪኮምም በጥቅምት 2022 ሥራ እንደ ጀመረ አስቡና፥ 1,024ን ለእነዚህ አካፍሉ። ዘግይቶ ገበያ የገባ ሰው የሚያገኘው የተራገፈ ጆንያ ነው።

አድራሻ ለዋጩ የመጣው ይህ እጥረት ሲታሰብ ነው። በግንቦት 1994 ኬልድ ኤገቫንግና ፖል ፍራንሲስ የተባሉ ሰዎች አሠራሩን ጽፈው አቀረቡ። በየካቲት 1996 ደግሞ ማንም ሰው በግቢው ውስጥ እንደ ልቡ የሚጠቀምባቸው፥ በውጭ ግን የማይታወቁ ቁጥሮች ተለዩ። በ10 የሚጀምሩት፥ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት እነዚህ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን የያዘ ኮምፒዩተር ወደ ውጭ ሲልክ፥ በበሩ ላይ ያለው ራውተር የላኪውን ቁጥር ይፍቅና የራሱን ይጽፋል፤ ፖርት የሚባለውንም ቁጥር ለውጦ በሰንጠረዡ ላይ ይመዘግባል። መልስ ሲመጣ ሰንጠረዡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ይህ ለጊዜው የሚሆን ዘዴ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አለመሆኑን በዚያው ጽሑፍ ተናግረው ነበር። እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ለአንድ ክረምት ተብሎ የተሠራ ዳስ ሳይፈርስ ቤት ሆኖ ሲቀር አይተን እናውቃለን፤ ይህም እንዲሁ ነው።

እዚሁ ተቀምጣችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ስልካችሁን ክፈቱና የተሰጣችሁን አድራሻ ተመልከቱ። በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል የሚገኝ ከሆነ፥ ከለዋጭ ጀርባ ናችሁ። ይህ ሁለተኛው ክፍል በሚያዝያ 2012 የተለየ ሲሆን፥ የቴሌኮም ኩባንያዎች ደንበኛቸውን ሁሉ ባንድነት ከለዋጭ ጀርባ እንዲያስቀምጡበት ታስቦ ነው። በግቢያችሁ ራውተር አንድ ጊዜ፥ በኩባንያው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ የምትለወጡ ከሆነ፥ ደብዳቤያችሁ «በእገሌ በኩል፥ በእገሌ በኩል» ሆኗል ማለት ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው? የምንለውን ሁሉ በአንድ ቃል ብንጠቀልለው፥ ከለዋጭ ጀርባ ያለ ሰው መጥራት ይችላል፤ መጠራት ግን አይችልም። ከውስጥ ያልተጀመረ ነገር በሰንጠረዡ ላይ ስለሌለ፥ ከውጭ የመጣውን እንግዳ ራውተሩ ባለቤት አጥቶለት ይጥለዋል። ፊልም ለማየትና ጋዜጣ ለማንበብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን ጉድለት ዕድሜውን ሙሉ ላያውቀው ይችላል። አንድ የመካነ ሰላም ተማሪ ግን የቦረናንና የወግዲን የእህል ዋጋ የሚያሳይ ሰሌዳ ሠርቶ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሊያኖረው ቢፈልግ አይቻለውም፤ ደሴ ያለ ነጋዴ ሊደርስበት አይችልምና። ከሌላ ኩባንያ ቦታ መከራየት አለበት፤ ኩባንያው ባሕር ማዶ ያለ ከሆነም ኪራዩን በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። በመካነ ሰላምና በወግዲ መካከል ላለ ጉዳይ ማለት ነው! የኢንተርኔት መጀመሪያ ሐሳብ ግን ማንኛውም ጫፍ ከማንኛውም ጫፍ ጋር እኩል ሆኖ እንዲነጋገር ነበር። ጥበቡን በመቀበል ብቻ ሳይሆን በመሥራትም እንሳተፍ እያልን በየስብሰባው ስንናገር፥ መሣሪያው ራሱ ተቀባይ ብቻ አድርጎ እንዳስቀመጠን ማወቅ ይገባናል።

የድምፅ ጥሪም እንዲሁ ነው። በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም አንዱ ከመካነ ሰላም፥ አንዱ ከወግዲ ሲነጋገሩ፥ ሁለቱም ከለዋጭ ጀርባ ናቸውና አንዱም ሌላውን በቀጥታ ሊጠራ አይችልም። ይህን ለማለፍ ብልሃት ተፈጥሯል። ሁለቱም በሦስተኛ ሰርቨር በኩል የየራሳቸውን የውጭ ቁጥር ይጠይቁና፥ በአንድ ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ በመላክ የሁለቱንም በር ይከፍታሉ። ለዋጩ ለየመድረሻው ሌላ ሌላ ቁጥር የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ ግን ብልሃቱ አይሠራም። በዚያን ጊዜ ድምፁ ሁሉ በሦስተኛው ሰርቨር በኩል ያልፋል፤ ሰርቨሩም ብዙ ጊዜ ያለው በባሕር ማዶ ነው። አንድ ቀን በእግር የሚኬድበት ጎረቤት ዘንድ ለመድረስ ድምፃችን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ይመለሳል። የዘገየውና የተቆራረጠው ድምፅ ምክንያቱ ሁልጊዜ የምሰሶው ድካም ብቻ አይደለም።

ስለ አሠራሩ ችግር ጥቂት እንጨምር፤ የትምህርት ክፍላችን ወንድሞች የሚጠብቁት ይህን ነውና። የሰንጠረዡ ቁጥር ወሰን አለው። ፖርት 16 ቢት ስለ ሆነ 65,536 ብቻ ነው። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ አንድ ስልክ ባለቤቱ ሳይነካው እንኳ በርከት ያለ ግንኙነት ከፍቶ ይጠብቃል። ለአንድ ስልክ 130 ግንኙነት እንስጥና 500 ተማሪ በአንድ አድራሻ ይውጣ፤ 65,000 ሆነ፤ አለቀ። አንዳንድ መሣሪያ አንዱን ፖርት ለተለያየ መድረሻ ደግሞ ስለሚጠቀምበት ጥቂት ያተርፋል፤ ሆኖም ይኸው አሠራር ከላይ ያልነውን የድምፅ ብልሃት የሚያበላሸው ነው። አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይቀደዳል። የጃፓኑ ኤን.ቲ.ቲ. መሐንዲሶች ለአንድ ሰው የሚፈቀደውን ግንኙነት እየቀነሱ የጉግልን ካርታ ከፍተው አሳይተዋል። ወደ 15 ሲወርድ ካርታው ግማሹ ባዶ ሆኖ ቀረ። ተማሪው ይህን ሲያይ «ኔትወርኩ ደከመ» ይላል እንጂ ቁጥር አለቀ ብሎ አይጠረጥርም፤ ለዚህም ነው ችግሩ አቤት ባይ የሌለው።

ሰንጠረዡ ደግሞ ይረሳል። ጸጥ ብሎ የቆየን ግንኙነት ለዋጩ ከመዝገቡ ያወጣዋል። በ2007 በወጣው ምክር መሠረት ዩ.ዲ.ፒ. ለሚባለው ዓይነት ከሁለት ደቂቃ በታች መሆን አይገባውም፤ በ2008 ለቲ.ሲ.ፒ. የተመከረው ደግሞ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ያላነሰ ነው። መሣሪያውን የሚያስተካክለው ሰው ግን ቁጥር እንዳያልቅበት ይህን ያሳጥረዋል። ስለዚህ ስልኮቻችን እንዳይረሱ ብለው በየጊዜው «አለሁ» እያሉ ይልካሉ፤ ባትሪውም በዚህ ያልቃል። መብራት ሲጠፋ ሰንጠረዡ አብሮ ይጠፋል። መብራቱ በአንድ ደቂቃ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ የተጀመረው ሥራ ሁሉ ተቋርጧል፤ መንገዱ ቢጠገንም ባለ ሣጥኑ የማንን ደብዳቤ እንደ ያዘ አያስታውስም። መብራት የማይጠፋበት አገር ሰው ይህን እንደ ትንሽ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። እኛ ግን አንችልም።

አንዳንዱ ፕሮቶኮል አድራሻውን በፖስታው ላይ ብቻ ሳይሆን በደብዳቤው ውስጥም ይጽፋል። ፋይል የሚተላለፍበት የድሮው ኤፍ.ቲ.ፒ. እና የስልክ ጥሪ የሚያቆመው ሲፕ እንዲህ ያደርጋሉ። ለዋጩ ፖስታውን ብቻ ቢቀይር ውስጡና ውጭው አይስማማም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ከፍቶ ማረም ይኖርበታል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ፥ እንደ አይፒሴክ ያለው፥ መለወጡ ራሱ ማኅተሙን ይሰብረዋልና ተቀባዩ «ተነካክቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ለዚህም ሌላ ብልሃት ተደርጎለታል። ብልሃት በብልሃት ላይ ሲደራረብ የሚጠግነው ሰው ይጠፋል፤ ያቆመው መሐንዲስ ሥራ የለወጠ ዕለት ቀሪው ሰው ሰንጠረዡን እንደ ጠልሰም ያየዋል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። ይህም የጋራ ጥፋተኝነት ነው። በአንድ ሣጥን ከሚጠቀሙት አንዱ የስድብ ደብዳቤ ቢልክ፥ የተሰደበው ሰው የሚያውቀው የሣጥኑን ቁጥር ነው። በ2007 መጀመሪያ ቀን የካታር ሰዎች በሙሉ ስማቸውን ሳያስመዘግቡ በዊኪፔዲያ እንዳይጽፉ ለጥቂት ሰዓት ታግደው ነበር። የአገሩ ተጠቃሚ የሚወጣው በአንድ አድራሻ በኩል ስለ ነበረ፥ የጥቂት አጥፊዎች ቅጣት በአገሩ ላይ ወረደ። እኛም ሦስት መቶ ሆነን በአንድ ሰዓት ውስጥ የትምህርት ማመልከቻ ስንሞላ፥ በወዲያኛው በኩል ያለው ሰርቨር የሚያየው ሦስት መቶ ሰው አይደለም፤ አንድ አድራሻ ሦስት መቶ ጊዜ ሲያንኳኳ ነው። ማሽን ነው ብሎ ይዘጋል፤ ወይም የመንገድ መብራትና የአውቶቡስ ሥዕል እያሳየ «ሰው መሆንህን አስረዳ» ይላል። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ በ2025 ባወጣው ጥናት፥ ብዙ ሰው በጋራ የሚወጣባቸው የቴሌኮም አድራሻዎች ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚገደቡ፥ ይህም የሆነው ጥፋታቸው በልጦ እንዳልሆነ አመልክቷል። አድራሻ ያጠረው ደግሞ በእኛ ክፍለ ዓለም ስለ ሆነ፥ ሰው መሆናችንን ዘወትር የምናስረዳው እኛ ነን።

ይህ ከመንገላታት ያለፈ ነገርም አለው። በ2016 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪው የግንኙነቱን መረጃ ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ከለዋጭ ጀርባ ወንጀል ተሠራ እንበል። መርማሪው አድራሻውንና ሰዓቱን ይዞ ይመጣል። አድራሻው የአምስት መቶ ሰው ነው። ከአምስት መቶው አንዱን ለመለየት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የፖርቱ ቁጥርና በሴኮንድ የተስተካከለ ሰዓት። በ2011 የወጣው ምክር ሰርቨሮች ሁሉ ፖርቱን ጭምር እንዲመዘግቡ ይላል፤ ብዙዎቹ ግን አድራሻውን ብቻ ይጽፋሉ። የአውሮፓ ፖሊስ ዩሮፖል እንኳ በ2017 በዚሁ ምክንያት ወንጀለኛን መለየት እንደ ተቸገረ በይፋ ተናግሯል። የእነርሱ ጭንቀት ወንጀለኛው እንዳያመልጥ ነው። የእኛ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ በተዛነፈ ራውተር መዝገብ ንጹሕ ተማሪ ተጠርቶ «ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዳይደረግ ነው።

መዝገቡ በትክክል ይያዝ ቢባል ደግሞ ዋጋው ቀላል አይደለም። 500 ሰው በቀን እያንዳንዱ 10,000 ግንኙነት ቢያደርግ 5 ሚሊዮን መስመር ነው። ለአንድ መስመር 100 ባይት ብንቆጥር በቀን 500 ሜጋባይት፥ በዓመት ከ180 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ደግሞም ያ መዝገብ የእያንዳንዳችን የዕለት ውሎ ማስታወሻ ነው፤ ማን በስንት ሰዓት ወዴት እንደ ሄደ። አንድ አጥፊ ለማግኘት የአምስት መቶ ሰው እርምጃ ይጻፋል። ይህን መዝገብ ማን ይይዘዋል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ይህ ጥያቄ የቴክኒክ ክፍሉ ብቻውን የሚመልሰው አይመስለንም፤ የተማሪዎች ማኅበር ሊያነሣው ይገባል።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ «ለዋጩ እኮ ከውጭ ጠላት ይጠብቀናል» ይሉናል። አክብረን እንመልሳለን። ከውጭ የመጣውን ሁሉ መጣሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚጥለው ክፉውን ለይቶ ሳይሆን ባለቤቱን ስለማያውቅ ነው። ዘበኛና ዝንጉ ሰው አንድ አይደሉም። ጥበቃ የሚፈልግ ግቢ በደንብ የታዘዘ ፋየርዎል ያቁም፤ ያ ሥራ ያለ አድራሻ ለዋጭም ይሠራል። ደግሞ ዛሬ አብዛኛው ጥፋት የሚገባው ራሳችን ከከፈትነው ደብዳቤና ከጫንነው ፕሮግራም ጋር ነውና፥ ለዋጩ ለዚያ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል።

መውጫው ከታወቀ ቆይቷል። ስድስተኛው ሥርዓት፥ አይፒ ቪ 6፥ በታኅሣሥ 1998 ተጽፎ ቀርቧል፤ አድራሻው 128 ቢት ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ቁጥር ለመስጠት አያንስም። ሐብታም አገሮች በቂ አሮጌ አድራሻ ስለ ነበራቸው ለረጅም ጊዜ አልቸኮሉም። የሕንዱ ጂዮ ኩባንያ ግን በመስከረም 2016 ሥራ ሲጀምር ለብዙ መቶ ሚሊዮን ሰው የሚበቃ አሮጌ አድራሻ እንደማያገኝ ስላወቀ በአዲሱ ጀመረ፤ ዛሬ ከሕንድ ተጠቃሚዎች ከግማሽ የሚበልጡት በስድስተኛው ሥርዓት ይጠቀማሉ። ዘግይቶ መምጣት እንዲህም ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም አዲሱ ሲገባ ለዋጩ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። አሮጌውን ብቻ የሚያውቅ ሰርቨር እስካለ ድረስ ከስድስተኛው ወደ አራተኛው የሚያሻግር ሌላ ለዋጭ ያስፈልጋል። ከዚህ የተሻለ ተስፋ ሰጥተን ብንሄድ ማታለል ይሆንብናል።

እስከዚያው በእጃችን ያለ ሥራ አለ። አዲስ ራውተር ሲገዛ ስድስተኛውን ሥርዓት በሚገባ የሚያውቅ መሆኑ በጨረታው ሰነድ ላይ ይጻፍ። ሁሉም ክፍል 192.168.1 ብሎ ከሚጀምር፥ የውስጥ ቁጥሩ በፕላን ይከፋፈል። ሁለት ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ፥ ወይም በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ባለው ኢተርኔት በተባለው የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ከሌሎች ጋር የሚገናኝ ተቋም፥ ያው ቁጥር በሁለት ቦታ ሲገጥመው በለዋጭ ላይ ሌላ ለዋጭ ለማቆም ይገደዳልና። የመሣሪያዎቹ ሰዓት ከአንድ ምንጭ ይስተካከል፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለምሳሌ 1,000 ፖርት አስቀድሞ ቢመደብ፥ የሚጻፈው እያንዳንዱ ግንኙነት ሳይሆን ምደባው ብቻ ይሆናል፤ መዝገቡ ያንሳል፥ የሰውም ውሎ ከመጻፍ ይድናል። በዚህ ስሌት አንድ አድራሻ የሚበቃው ለ65 ሰው ያህል ስለ ሆነ፥ ለ500 ተማሪ ስምንት አድራሻ ይጠየቅ።

በስድስተኛው ሥርዓት ለአንድ ተቋም የሚሰጠው የተለመደ ድርሻ 65,536 ንዑስ ኔትወርክ ይወጣዋል። ከላይ የቆጠርነው የፖርት ቁጥር ያው ነው። በአሮጌው አምስት መቶ ሰው የሚሻማበት ቁጥር በአዲሱ የክፍሎች ቁጥር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ መማሪያ ክፍል፥ ለቤተ መጻሕፍቱ፥ ለመኝታ ቤቱ አንድ አንድ ሰጥተን ብዙ ይተርፈናል። በመጪው ክረምት የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ይህን ምደባ በወረቀት ላይ ሠርተው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉታል። የቁጥሩን አከፋፈል ለመማር የሚፈልግ ከየትኛውም ትምህርት ክፍል ቢመጣ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በላቦራቶሪው እንገኛለን።